ሒሳብ ይነበብ

በ2017 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ከባንክ አንድ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። አንድ ብር ገቢ ሆኖልኛል። አንድ። ተሳስቶ የላከ ሰው ነው ብዬ ልተወው ስል፣ ላኪው በምክንያት ቦታው ላይ የጻፋት ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባች፦ «ሒሳብ ይነበብ»።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ስሙን ማየት አላስፈለገኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የተኛ፣ በተገላበጠ ቁጥር ብረቱ እየጮኸ እንቅልፍ ያሳጣኝ ልጅ ነው። ካፌ ስንሰለፍ ወጥ አነሰኝ ብሎ ጭልፋ ከያዘችው ሴትዮ ጋር የሚሟገት እሱ ብቻ ነበር። እኛ ከኋላ ሆነን እናፍርበታለን፤ ወጡ ሲጨመርለት ግን እኛም ሳህናችንን እናስጠጋለን። ያ ሰው ነው በአንድ ብር በጥፊ የመታኝ።

ነገሩ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ነው። በ2001 የተመረቅን የአካውንቲንግ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ስልሳ አንድ ሰው። በአዘቦቱ የሚለጠፍበት የልደት ኬክ፣ የሥራ ማስታወቂያና «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። አንድ ቀን እዚያው ግቢ አስተማሪ ሆኖ የቀረው ልጅ የኮምፒውተር ላባችንን ፎቶ ለጠፈ። እኛ የተማርንባቸው ዕቃዎች ዛሬም እዚያው ተቀምጠዋል። አንዱ ኪቦርድ ላይ ኤንተር የሚባለው ቁልፍ ወልቆ በቦታው የእስክሪብቶ ክዳን ተጣብቋል። ክዳኗ ሰማያዊ ናት፤ ከመነካካት ብዛት ጫፏ ነጥቷል። መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ግሩፑ ዝም አለ። ከዚያ አንዷ «ለምን አንገዛላቸውም?» አለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተለጠፈ። በዚህ አገር ያለ ሃምሳ ሎሚ የተጀመረ መዋጮ እኔ አላየሁም።

ስድስት ኮምፒውተር ለመግዛት ተስማማን። ገንዘብ ያዥ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም የእኔን ስም ጠራ። ባሕር ዳር ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፤ በጥንቃቄ ስሜ የወጣ ነኝ፤ ግቢ እያለንም «ካሸሩ» ነበር የሚሉኝ። ግቢያችን ከባሕር ዳር የቀን መንገድ ነው፤ ስሙ ይቆየን። የባቻችን ልጆች ግን ሥራ እየጎተተ አሥራ አንዳችንን እዚህ ሐይቁ ዳር አከማችቶናል። የመጀመሪያውን ስብሰባ ያደረግነውም ጣና ዳር፣ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ለብለብ እየበላን ነው። እሾኩን እየለቀመ የሚበላ ሰው መልሱን ቶሎ አይሰጥም፤ ስለዚህ ስብሰባችን ረጅም ነበር። ስልሳ አንድ ሰው በነፍስ ወከፍ አምስት ሺህ ቢያወጣ እያልን በናፕኪን ላይ ደመርን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከተመረቅን በኋላ ከግቢው ጋር የነበረን ግንኙነት የዕዳ ነበር። ደንብ ቁጥር 91/1995 ከወጣ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ይዞ እንዲከፍል ውል ይፈርማል። ጋዋንና ቆባችንን መልሰን ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊውን ዲግሪ፣ ይዘን ወጣን፤ ኦሪጅናሉ ዲግሪ ወጪ መጋራቱ ሲዘጋ ነው። እኔ ለዓመታት ከደመወዜ ሲቆረጥ ከርሞ፣ የመጨረሻውን ክሊራንስ ይዤ ኦሪጅናሌን የተቀበልኩ ቀን ምን እንደተሰማኝ አስታውሳለሁ፤ ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ ጋር ምንም የለንም። ፍቺ የተፈራረምን ነው የመሰለኝ። አሁን ታዲያ ዩኒቨርሲቲዎች «የቀድሞ ተማሪዎቻችን ሆይ» ብለው ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ቀረብኝ?» ብለን ነው። ዕዳውን ከፍሎ የተሰናበተ ሰው እንደገና ወዳጅ ለመሆን ጊዜ ይፈልጋል።

ደብዳቤው መብዛቱ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎቹም ተራ እየጠበቁ ነው፤ ራስ ገዝ ማለት በጀቱን መንግሥት ብቻ እየቆረጠ አይሰጥህም፣ የራስህን ገቢ ፈልግ ማለት ነው። እናም ሁሉም የቀድሞ ተማሪውን «አሉምናይ» ማለት ጀመረ። ቃሉ አፍ ላይ ገና አልለሰለሰም፤ አንዳንዱ ሰው ሲጠራው አሉሚኒየም የሚል ይመስላል።

ለነገሩ ይቺ የምኖርባት ከተማ ራሷ በሌላ ሰው ኪስ የቆመች ናት። ፖሊ የምንለው ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት የሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ነው የተተከለ። ፔዳ፣ የመምህራን ማሠልጠኛው ፔዳጎጂ፣ በ1965 ሲመጣ ከኋላው ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ነበሩ። ፖሊና ፔዳ በ1988 ተዋሕደው፣ በ1992 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። ሰጪው መንግሥት ከሆነ፣ ተቀባዩም መንግሥት ከሆነ፣ እዚያ የተማረውን ልጅ ማንም «አንተስ?» ብሎ አልጠየቀውም። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ አይሰጥም። ስስታም ሆኖ ሳይሆን እንዳይደፍር ነው፤ ይሉኝታ ለልመና ብቻ ሳይሆን ለስጦታም አለ።

ሲጠየቅ ደግሞ የሚጠየቅበትን መንገድ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት ላይ ተጋብዤ ሄጄ ነበር፤ የሌላ ግቢ ነው፣ ቦታው እዚሁ ከተማ አዳራሽ ውስጥ። ንግግር፣ ንግግር፣ ክትፎ፣ ከዚያ ጨረታ። ለጨረታ የቀረበው የታንኳ ሥዕል ነው፤ ሁለት ሰው ደንገል ታንኳ ላይ ሆኖ እየቀዘፈ፣ ከኋላ ፀሐይ እየጠለቀች። አንዱ ነጋዴ በሠላሳ ሺህ ገዛው፤ ተጨበጨበ፤ «መልሼ ሰጥቻለሁ፣ እንደገና ይሸጥ» አለ። ሌላው በአርባ ገዛ፣ እሱም መለሰ። ሦስተኛው ገዝቶ ሊመልስ ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ ሥዕሉን ወዳዋለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ ምሽት ደስ ይል ነበር፤ ውሸት አልናገርም። ግን የተባለው ገንዘብ ስንቱ እንደተከፈለ፣ በተከፈለውም ምን እንደተሠራ እስከ ዛሬ የሰማሁት ነገር የለም። በዚያች ሌሊት የምናውቀው ብቸኛው ውጤት ያች ሴትዮ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ታንኳ ነው።

አያቴ ሜጫ ውስጥ ነው የኖረችው፤ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። የምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ከአጥሩ ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም!» የሚል የልጅ ድምፅ ይሰማል፤ ውሻው ይጮኻል፤ እሷ ከመሶቡ ቁራሽ ታነሳለች። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ። በአንድ እጁ ለውሻው ዱላ፣ በሌላው ለቁራሹ አኩፋዳ። ጎጃም በዋሸራም በጎንጅም ቅኔ ያስተማረው በዚህ ገንዘብ ነው፤ በቁራሽ። ይኼ ነገር ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ፣ ሰጪዋ የቀድሞ ተማሪ አለመሆኗ ነው። እሷ ቅኔ አልዘረፈችም፤ ዜማ ቤት አልገባችም፤ ልጇንም የላከችበት አልነበረም። ከየኔታ ሪፖርት አይመጣላትም። ግን ልጁን ታየዋለች። አምና ደበሎው መሬት ይጎትት ነበር፤ ዘንድሮ ጉልበቱ ላይ ደርሷል። ከዓመታት በኋላ ድምፁ ጎርንኖ በደብሩ ሲቀድስ ትሰማዋለች። ሒሳቡ በየቀኑ በር ላይ እየመጣ ይነበብላት ነበር ማለት ነው።

ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰጪ ያያል። እቴጌ ምንትዋብ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር ምንትዋብ ራሷ፣ በሙሉ ልብሷ፣ ተደፍታ ተሥላለች። ስሟን በእብነ በረድ አላስቀረጸችም፤ ራሷን መሬት ላይ ጥላ አስቀረጸች። ዛሬ «የክብር ለጋሾቻችን» ብለን የምንሰቅለው ሰሌዳ ላይ ቆሞ ደረቱን የነፋ ሰው ፎቶ ሳይ፣ ያች ተደፍታ ያለች ሴት ትመጣብኛለች።

ግን ከሥዕሉ ይልቅ ሒሳብ ሠራተኛነቴን የሚነካው ጉልቱ ነው። የድሮ ነገሥታት ገዳም ሲገድሙ ደብር ሲተክሉ ብር ቆጥረው አይሰጡም፤ መሬት ነው የሚሰጡት። የመሬቱ ግብር በየዓመቱ ለአገልጋዩ ቀለብ ይሆናል፤ ዋናው አይነካም። ፈረንጆቹ ዛሬ ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። ሀርቫርድ ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1638 ሲሞት የሀብቱን ግማሽና 400 ያህል መጻሕፍት ከተወለት ሰው ነው፤ ዛሬ ያጠራቀመው ቋሚ ገንዘብ ከ50 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ ከትርፉ ይበላል እንጂ ዋናውን አይበላም። እኛ ይኼን አናውቀውም የሚል ካለ የቤተ ክርስቲያኖቻችንን ወንጌሎች ገልጦ ይይ። የጉልቱ ውል የተጻፈው በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነው፤ ማን ሰጠ፣ የትኛውን መሬት ሰጠ፣ ማን ምስክር ነበረ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ይህን የሻረ፣ ይህን የቀማ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን ይላል። ዛሬ የምንፈራረማቸው የመግባቢያ ሰነዶች ብዙ አንቀጽ አላቸው፤ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ግን የላቸውም። ጉልት የገበሬው ጫንቃ ላይ የተጫነ እንደነበር አልረሳሁም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለሕዝብ ሲሆን ያዘነለት ገበሬ የለም። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ጉልቱ ሲነሳ በቦታው ምን ተተካ? ስጦታ የሚቀመጥበት ዕቃ የት አለ?

ከዚያ ቀደም ብሎ የነበረን ትልቁ የትምህርት ስጦታ እንኳ የቆመው በመሬትና በግንብ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጡ፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ስንል የምናውቀው ግቢ ሆነ። ያ ግንብ ስልሳ ዓመት አልፎት ዛሬም ተማሪ ያስተናግዳል። በዚያው ዓመት በዚያ ግንብ ዋጋ ብር ባንክ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ስንት ክፍል እንደሚያሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ጠይቁ፤ መልሱን ግን እንዳታስደግሙት።

ወደ ራሴ ልመለስ፤ መሸሹ ይብቃኝ።

መዋጮው ሊጀመር ሲል፣ በ2015 ነሐሴ፣ ክልሉ ውስጥ ዳታ ተቋረጠ። ቴሌግራም ግሩፑ ለአዲስ አበባና ለውጭ ልጆች ቀረ፤ እኛ ባሕር ዳር ያለነው በስልክ ጥሪና በመልእክት ብቻ ሆንን። እንዲያም ሆኖ ገንዘቡ መጣ። ሰው ኮከብ 127 መሰላል እየመታ በቴሌብር ላከ። ሌላው ቅርንጫፍ ሄዶ አስገባ። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት፣ ገበያ በቆመበት ሳምንት፣ ደሞዝ በዘገየበት ወር ሁሉ መጣ። አንዷ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ በሦስት ጊዜ ከፍላ፣ ሦስቱንም ጊዜ ደውላ «ገባ ወይ?» ብላኛለች። እስከ ታኅሣሥ 2016 ድረስ 43 ሰው 291,400 ብር አዋጣ። ለስድስት ኮምፒውተር በአርባ ስምንት ሺህ ሒሳብ ይበቃል፤ ትንሽም ይተርፋል።

የሚሰጥ ሰው ጠፋ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ይቺን ታኅሣሥ ነው የማስታውሰው።

ችግሩ እኔ ነኝ። ማኅበር ስላልሆንን፣ የምዝገባ ሰርተፍኬት ስለሌለን፣ የባንክ ደብተሩን በስሜ ነው የከፈትኩት። ኦዲት ሲመጣ ሌላውን የምገሥጽበትን ስህተት ራሴ ሠራሁ። ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው ጥንቁቅ ልሁን አልኩ። ገንዘቡን ለግቢው ገቢ አድርጌ በሞዴል 64 ደረሰኝ ልቀበል፣ ደረሰኙ ላይም «ለአካውንቲንግ ላብ ኮምፒውተር መግዣ» ተብሎ ይጻፍልኝ ብዬ ደብዳቤ ላክሁ። ወደ ዋናው ሒሳብ ነው የሚገባው፣ ዓላማ ተለይቶ አይጻፍም የሚል መልስ መጣ። እኔ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ። እነሱ ሌላ። አንዱ ፊርማ አመት በዓል ላይ ደረሰ፤ አንዱ ኃላፊ ተቀየረ፤ አዲሱ ፋይሉን ከመጀመሪያው ጠየቀ። የደብዳቤዎቹ ቁጥር ዛሬም በሥርዓት ፋይል ተደርጎ እኔ ጋ አለ። ዕቃውን እዚህ ገዝቼ ብልክላቸው ኖሮ በንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ በሞዴል 19፣ ተረክበው በሁለት ቀን ያልቅ ነበር። ይኼን አላውቅም አልልም፤ ሞዴል 19 እየሞላሁ ነው ያረጀሁት። ግን ደረሰኝ ፈለግሁ። ስሜ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት እስኪመጣ ገንዘቡ ተቀመጠ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዋዜማው ላይ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የኮምፒውተር ነጋዴው ቀድሞም በጥቁር ገበያው ዋጋ ስለሚያስብ እጥፍ አልሆነብንም፤ ግን ታኅሣሥ ላይ አርባ ስምንት ሺህ ያለኝ ዕቃ ጥቅምት ላይ 68,500 ሆነ። ስድስቱ አራት ሆኑ። ሁለት ኮምፒውተር በደብዳቤ በላሁ።

የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚሆን ቋሚ ገንዘብ በብር ባንክ ውስጥ ማስቀመጥ ማለት በረዶ በእጅ ይዞ ወደ ገበያ መሄድ መሆኑን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልገውም። የአክሲዮን ገበያው ራሱ ሥራ የጀመረው በ2017 ጥር ነው። ፈረንጆቹ ቀድመው ያገኙት ምንድን ነው ቢሉኝ፣ ልግስናውን አልልም፤ ብሩ ሳይቀልጥ የሚቆይበትን ዕቃ ነው የምለው። እስከዚያው ግን እንደ እኛ ያለ ትንሽ መዋጮ የሚያዋጣው አንድ ነገር ነው፤ በገባበት ወር ዕቃ ይሁን፣ ምሳ ይሁን፣ የልጅ ትራንስፖርት ይሁን። ለጥበቃ ብሎ ማስቀመጥ ማጥፋት ነው።

ዳታው ሲመለስ ቴሌግራሙን ከፈትኩት። ስለ እኔ ነበር ሲያወሩ የከረሙት። መጀመሪያ «ሰላም ነው ወይ ያለው? በዚህ ጊዜ አናስቸግረው» የሚል። ከዚያ «ዝም ማለቱ ግን» የሚል። ከዚያ ወደ ታች እየወረድኩ በሄድኩ ቁጥር አሳሳቢ እየሆነ፣ በመጨረሻ አንዱ «ካሸሩ በላው» ብሎ ሲጽፍ ዘጠኝ ሰው የሳቅ ምልክት አስቀምጦበታል። ዘጠኙንም በስም አውቃቸዋለሁ። ተናደድኩ፤ መልስ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። የአንድ ብሯ መልእክት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ዕድር ነበረን። የዕድራችን ዳኛ ጨርቃ ጨርቅ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሒሳብ ሲያነቡ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ፤ ድንኳን ኪራይ ይህን ያህል፣ የተሰበረ ብርጭቆ ይህን ያህል፣ ከእከሌ ያልተሰበሰበ የሁለት ወር ይህን ያህል እያሉ፣ እከሌም ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ። ሲጨርሱ «ተቃውሞ ያለው?» ይላሉ፤ ሁሌም ስለ ብርጭቆው የሚቃወም አንድ ሰው አይጠፋም። ስብሰባው ሲበተን ጎን ለጎን እየሄድን የእኔን ነገር አጫወትኳቸው።

«ስንት ነው ያለው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«እንዲህ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እኔ ነኛ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም።»

ትንሽ ዝም ብለው ሄዱ። «እንግዲያማ ልጄ፣ በልተኸዋል ቢሉህ ምን አድርጉ ትላቸዋለህ? እኛ ብርጭቆ የምንቆጥረው ብርጭቆ አጥተን መሰለህ?»

ጥቅምት ላይ አራቱን ኮምፒውተር ገዛሁ። ለመብራቱ ስታቢላይዘር ጨመርኩ፤ ያ ያልታቀደ ነበር፣ ግን እዚያ ግቢ መብራት እንዴት እንደሚመጣና እንደሚሄድ ሦስት ዓመት ኖሬበት አውቃለሁ። መንገዱ ደህና ነው የተባለበትን ቀን ጠብቀን በአይሱዙ ተጫነ። እዚያ ያለው አስተማሪ ልጅ ተቀብሎ ንብረት ክፍል አስረከበ። ሞዴል 19 በዚያው ቀን ተቆርጦ ፎቶው ደረሰኝ። በዚያው ቀን! አሥር ወር የለመንኩት ወረቀት።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ባሕር ዳር ያለነው በመጀመሪያው ቦታ፣ ሐይቁ ዳር ተሰበሰብን። አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባ ለበዓሉ መጥተው ነበርና አሥራ ስድስት ሆንን። ከሩቁ ያለው ውሃ አረንጓዴ ጠርዝ አለው፤ እምቦጭ ነው። ለእሱም ከአገር ውስጥም ከውጭም ብር ተዋጥቶ ማሽን ተገዝቷል፤ ገበሬውም እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ዓመታት ሆኑት። የትኛው ብር የት እንደደረሰ የሚነበብበት ቀን ቢኖር እኔ ወንበር ይዤ ነበር የምሄደው። ይኼን እያሰብኩ ነው ወረቀቴን ያወጣሁት።

ስልክ ግሩፑ ላይ በድምፅ ተከፍቶ ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ። ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቦርድ ፊት ሪፖርት አቅርቤ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ከ43 ሰው የተሰበሰበ 291,400 ብር። የባንክ ወለድ፣ ግብሩ ተቀንሶ፣ 13,212። አራት ኮምፒውተር 274,000። ስታቢላይዘር 19,200። ጭነትና ጉልበት 9,800። መጀመሪያ ታስበው የነበሩት ስድስት እንደነበሩ፣ ሁለቱ የቀሩት በእኔ መዘግየት እንደሆነ እሱንም አነበብኩ። ለዚህ ቦታ የሚሆን ዓምድ በሒሳብ መዝገብ ላይ ስለሌለ ከታች በእጄ ጽፌው ነበር።

ማንም አልተናገረኝም። አንዷ ዓሣዋን እየቆረሰች «በሚቀጥለው በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን» አለች፤ ሌላው «በስምህ አትክፈት» አለ፤ አለቀ። በላው ሲባል ከሳቁት ዘጠኝ ሰዎች አምስቱ እዚያው ነበሩ፤ አንዱ የሻይ ሒሳቡን ሊከፍልልኝ ሲሟገት ነበር።

«ቀሪ፣» አልኩ፣ «1,613 ብር።»

ያኔ ከአልጋዬ በላይ ይተኛ የነበረው ሰው ጥጉ ላይ ሆኖ እጁን አነሳ። ስልኩን ካልኩሌተር ላይ አድርጎ ከእኔ ጋር ሲደምር ኖሯል።

«አልገጠመም» አለ። «ባነበብከው ሒሳብ ቀሪው 1,612 ነው የሚመጣው።»

ወረቀቴን አየሁ። እውነቱን ነው፤ ከገቢው ውስጥ አንዲት መስመር ዘልያለሁ። ጣቴን አስቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኳት፦ መስከረም 2017፣ ከአንድ የባቻችን አባል፣ ምክንያት «ሒሳብ ይነበብ»፣ አንድ ብር።

ጠረጴዛው ተንጫጫ። እሱ አልሳቀም። መዳፉን ዘርግቶ፣ ወጥ ይጨመርልኝ ሲል በነበረበት ድምፅ፣

«ደረሰኜስ?» አለ።